ምስል በየት በኩል እንደሚያሳምነን፦ በጅማ ለሚኒ ሚዲያና ለፊልም ክበቦች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጅማ ከተማ የሚኒ ሚዲያ ክበቦችን ለሚያስተባብሩ መምህራን፣ ፊልም እያሳዩ ለሚያወያዩ ወጣቶች፣ እንዲሁም በሰፈሩ ጥቂት ሰው ሰብስቦ ስለሚያየው ነገር መነጋገር ለሚሻ ማንኛውም ሰው ነው። ዓላማው ተመልካቹ አንድ ፊልም ወይም ፖለቲካዊ ምስል ሲያይ ማመን የጀመረው በየትኛው ቅጽበት፣ በምንስ ምክንያት እንደሆነ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ሐሰተኛ ፎቶግራፍን ከእውነተኛው መለየት የዚህ ሥራ አካል ቢሆንም ትንሹ ክፍል ነው። ሰውን አጥብቀው የሚይዙት ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ በአንድ ሲታዩ እውነተኛ ናቸው፤ ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው እምነት የሚሠራው አንዱ ምስል ከሌላው ጋር በተጋጠመበት ስፌት ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ስፌቱን ለማግኘት የተደረደሩ ናቸው።

ቅድመ ዝግጅት

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ ፕሮጀክተር ወይም ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ ከኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማ ስፒከር፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የሚታየውን ሁሉ አስቀድመው በፍላሽ ይያዙ፤ ኢንተርኔት ተማምኖ ሰው መሰብሰብ፣ በተለይ የጅማ ዝናብ በጠነከረበት ወቅት፣ ከሰው ፊት መዋረድን ያስከትላል። መብራት ቢጠፋ ውይይቱ እንዳይቋረጥ ዋና ዋናዎቹን ፎቶግራፎች በወረቀት አሳትሞ መያዝም ይጠቅማል።

የተሳታፊው ቁጥር ከ15 እስከ 25 ቢሆን ይመረጣል። ጥያቄዎቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ያዘጋጁ፤ ሰው የተሰማውን ነገር በደንብ የሚናገረው በለመደው ቋንቋ ነውና አንዱ ቋንቋ ብቻ ከተመረጠ የቤቱ ግማሽ ዝም ይላል።

አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፤ ማንም ሰው ከመናገሩ በፊት ያየውን በወረቀት ይጽፋል። የመጀመሪያው ተናጋሪ የተከበረ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ከሆነ የቤቱን ሐሳብ ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ ታናናሾቹም በአክብሮት «ልክ ጋሽዬ እንዳሉት» እያሉ ይከተላሉ። ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይመችም።

ደረጃ 1፦ ምንም ያልተናገረ ፊት

ከክበቡ ውጪ የሆነ፣ ተሳታፊዎቹ የማያውቁት አንድ ሰው ይምረጡ። መስኮት አጠገብ አስቀምጠው፣ ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን እንዲመለከት አድርገው፣ ሳይስቅና ሳይኮሳተር ለ10 ሰከንድ ያህል ፊቱን ይቅረጹ። ሰውየው የፊልሙን ዓላማ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ መተወን ይጀምራል። ከዚያ ሦስት ሌሎች ነገሮችን ለየብቻ ይቅረጹ፦ ከጀበና ወደ ሲኒ የሚወርድ ቡና፣ ሻማ የበራለት የሟች ፎቶግራፍ፣ እና ለውኃ የተሰለፉ ቢጫ ጀሪካኖች።

በካፕከት ወይም በሌላ የስልክ መተግበሪያ ሦስት አጫጭር ፊልሞች ያቀናብሩ። በእያንዳንዱ ፊቱ ለ3 ሰከንድ ይታያል፣ ከዕቃዎቹ አንዱ ለ3 ሰከንድ ይከተላል፣ ያው ፊት እንደገና ለ3 ሰከንድ ይመለሳል። መሸጋገሪያ ማስዋቢያ አይጨምሩ፤ ምስሉ በቀጥታ ይቆረጥ። ተሳታፊዎቹን በሦስት ክፍል ከፍለው እያንዳንዱ ቡድን አንዱን ፊልም ብቻ እንዲያይና «ይህ ሰው ምን እየተሰማው ነው?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲመልስ ያድርጉ። በመጨረሻ መልሶቹን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ሦስቱንም ፊልሞች ለሁሉም ያሳዩ።

ሙከራው የሩሲያው የፊልም ባለሙያ የሌቭ ኩሌሾቭ ነው። ኩሌሾቭ እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ የታወቀውን ተዋናይ የኢቫን ሞዡኺንን አንድ ዓይነት ፊት ከሾርባ ሳሕን፣ በሬሳ ሣጥን ከተኛች ልጅና ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አጋጥሞ ሲያሳይ፣ ተመልካቾች ተዋናዩ ረሃብን፣ ሐዘንንና ምኞትን በመግለጽ ችሎታው ተደነቁ ይባላል። የፊልሙ ቅጂ ግን ለዛሬ አልደረሰም፤ ታሪኩን ያሰራጨው ፑዶቭኪን የተባለው ሌላው ዳይሬክተር ነው። ስለዚህ ከወሬው ይልቅ በእጅዎ የሠሩትን ማመን ይሻላል። የሁሉም ቡድን መልስ በጉልህ ካልተለያየ ደግሞ ውጤቱን ለማሳመር አይሞክሩ፤ እንዳለ ያቅርቡትና ለምን እንደሆነ ይወያዩበት።

ደረጃ 2፦ የመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት

ይህን ደረጃ ያለ ችኮላ ይሥሩት። በአገራችን ታሪክ ውስጥ የስፌትን ኃይል የዚህን ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ የለምና፣ ቢቻል ዘመኑን የሚያስታውሱ አንድ ሁለት አባትና እናት ይጋብዙ።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ወስዶ፣ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎችን አስገብቶ፣ በዘመን መለወጫ ዕለት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ለመውረዳቸው ምክንያቱ ፊልሙ አልነበረም፤ ሥልጣናቸው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ተራ በተራ ተሸርሽሮ አልቆ ነበር። ፊልሙ ያደረገው ነገር ውሳኔው በሕዝብ ዓይን ተገቢ ሆኖ እንዲታይ ማዘጋጀት ነው።

ታሪኩን ከተናገሩ በኋላ ተሳታፊዎቹ ለሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲመልሱ ያድርጉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ምስል ብቻውን ምን ይላል? የተራበው ሕፃን መራቡን፣ የተመገበው ውሻ መመገቡን ይናገራሉ። ሁለተኛ፣ ምስሎቹ ሲጋጠሙ ብቻ የሚሰማው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? አብዛኛው ሰው «እነሱ ስለበሉ ነው ሕዝቡ የተራበው» ወይም «ሕዝቡ ሲራብ እነሱ ይበሉ ነበር» ብሎ ይጽፋል፤ የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ሳይገልጹ አይለፉ። ሦስተኛ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከፊልሙ ውጪ በምን ይደገፋል?

ውይይቱ የሚከብደው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ወጣት ተነሥቶ «ስለዚህ ሁሉም ቅንብር ነበር» ሊል ይችላል፤ ይህ ስህተት ነው። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ብዙ ሕዝብም ፈጅቷል፣ መንግሥት ጉዳዩን ለመሸፈን መሞከሩም ፊልሙ ባይኖር እንኳ በሌላ ማስረጃ የሚታወቅ ነው። ሌላው ደግሞ «ካሜራ አይዋሽም» ይላል፤ ይህም ስህተት ነው፣ ድግሱና ረሃቡ በአንድ ወቅት የተቀረጹ መሆን አለመሆናቸውን ስፌቱ አይነግረንምና። አስተባባሪው ሁለቱንም አቋም ሳያቃልል፣ ከመደምደሚያው የትኛው ክፍል በማስረጃ እንደሚቆም፣ የትኛውም በስፌት ብቻ እንደተያዘ በሰሌዳው ላይ ለሁለት ከፍሎ ይጽፋል። እንደ እኔ አስተያየት አንድ ክበብ ይህን ክፍፍል በትክክል ከሠራ የሥራው ከባድ ግማሽ አልቋል።

ደረጃ 3፦ ከክፈፉ ውጪ የቀረው

የዓድዋን ጦርነት የሚያሳይ ባህላዊ ሥዕል አንድ ቅጂ ያቅርቡ። በጥንቱ የአሣሣል ልማድ ጻድቃንና ወዳጆች ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ በሙሉ ፊታቸው ሲሣሉ፣ ርኩሳንና ጠላቶች በጎን ፊት በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በዓድዋ ሥዕሎችም ኢትዮጵያውያኑ ወደ እኛ ሲመለከቱ ጣልያኖቹ በአመዛኙ በጎን ይታያሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ከላይ ሆኖ ወገኑን ይለያል። ተመልካቹ ማን ትክክል እንደሆነ አንድም ቃል ሳያነብ ያውቃል። ካሜራ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ይህ ጥበብ ዛሬ በካሜራ አቀማመጥ ይሠራል፦ ከጉልበት በታች ሆኖ ወደ ላይ የቀረጸ ካሜራ ሰውን ያገዝፈዋል፣ ከላይ ሆኖ ወደ ታች የቀረጸው ያሳንሰዋል። ሌኒ ሪፈንስታል የናዚ ፓርቲን የ1934 እ.ኤ.አ. የኑረምበርግ ጉባኤ ስትቀርጽ በሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ላይ የካሜራ አሳንሰር እስከ ማስገጠም የደረሰችው ለዚህ ነው፤ ሰልፉ ራሱም ለካሜራ እንዲያመች ታስቦ የተሰናዳ ነበር።

ለተግባር ልምምዱ ገበያ ይመቻል። ሐሙስ ቀን ሕርማታ ሄደው፣ ፊታቸው የሚለይ ሰዎችን አስቀድመው በማስፈቀድ፣ ሁለት ፎቶግራፎች ያንሡ። አንዱን በሰዉ መካከል ቆመው በደረት ከፍታ ዙም አድርገው፣ ሌላውን ከፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው ያንሡት። በዙም የተነሣው ፎቶ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሰዎች ያቀራርባቸዋል፣ ባዶ ቦታውን ይውጠዋል። ተሳታፊዎቹ በእያንዳንዱ ፎቶ ስንት ሰው እንዳለ ከገመቱ በኋላ ስሌቱን ያሳዩአቸው፦ ተራርቆ በቆመ ሕዝብ በአንድ ካሬ ሜትር 1 ሰው ያህል፣ እጅግ በተጨናነቀ ቦታ 4 ሰው ያህል ይቆማል። ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ 600 ካሬ ሜትር ነውና ከ600 እስከ 2,400 ሰው ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የሚናገር ሰው ቦታውን ማስፋት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 2003 በባግዳድ የሳዳም ሐውልት ሲወድቅ ከቅርብ የተቀረጸው ምስል አደባባዩን በሰው የተሞላ አስመስሎት ነበር፤ ከሩቅ የተነሡት ፎቶግራፎች ግን ሰዉ በሐውልቱ ዙሪያ ብቻ መሰብሰቡን፣ የቀረው አደባባይ በአመዛኙ ባዶ መሆኑን ያሳያሉ።

ደረጃ 4፦ ድምፅና መግለጫ

የመረጡትን የሦስት ደቂቃ ቅንጫቢ ፊልም በመጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ያሳዩ፤ ቀጥለው ምስሉን ሸፍነው ድምፁን ብቻ ያሰሙ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ ያቅርቡ። በአገራችን ዘጋቢ ፊልሞች አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ተራኪው ስለሆነ፣ ድምፅ ሲዘጋ ምስሉ የተባለውን ነገር ጨርሶ እንደማያሳይ ተሳታፊዎቹ ብዙ ጊዜ ያስተውላሉ። ያንኑ ምስል በትዝታ ቅኝት የክራር ዜማ፣ ቀጥሎም በፉከራ አጅቦ ማሳየት ደግሞ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል።

ለመግለጫ ጽሑፍ አንድ ባጃጅ በአደባባይ ላይ ከሌላ ባጃጅ ጋር ሲነካካ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይጠቀሙ። ለግማሹ ቡድን «ባጃጆቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?»፣ ለሌላው ግማሽ «ባጃጆቹ ሲነካኩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» የሚል ጥያቄ ያድሉ። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት የመኪና ግጭት ፊልም ካሳዩ በኋላ ይህን መሰል ጥያቄ ጠይቀው ነበር። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት ማየት አለማየታቸውን ሲጠይቋቸው፣ ኃይለኛው ግስ ከቀረበላቸው 50 ሰዎች 16ቱ፣ ለስላሳው ከቀረበላቸው 50 ሰዎች ደግሞ 7ቱ «አይተናል» አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ከምስል በታች የተጻፈ አንድ ቃል ትዝታን ጭምር የሚለውጥ ከሆነ፣ በቴሌግራም ቪዲዮ ሲተላለፍ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መግለጫውን የጻፈው ማን እንደሆነ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለቱ የጅሬን ፊልሞች

ሌሎቹን ደረጃዎች ለመዝለል ቢገደዱ እንኳ ይህን አይዝለሉት፤ ሰው ስፌትን በደንብ የሚያየው ራሱ ሲሰፋ ነው።

ክበቡን ይዘው ጅሬን ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይሂዱ። ስለ ቀረጻ ከጥበቃው አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ሁሉም በአንድነት 20 ያህል ቀረጻዎችን ይውሰዱ፤ የተቀረጸው የእንጨት በረንዳ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ካለ እሱም፣ ጎብኚዎች፣ ባዶ ጥግ፣ ከኮረብታው ሥር የሚታየው ከተማ፣ በር፣ ሣር፣ ጣሪያ፣ ሁሉም ይካተት። ተመልሰው ለሁለት ቡድን ይክፈሏቸውና ከእነዚሁ 20 ቀረጻዎች ብቻ አንዱ ቡድን «ቅርሱ ተዘንግቷል»፣ ሌላው «ቅርሱ ተጠብቋል» የሚል ስሜት የሚያሳድር የ60 ሰከንድ ፊልም እንዲሠራ ያድርጉ። የሐሰት ጽሑፍ መጨመር፣ ሰው አስተውኖ መቅረጽ፣ የምስሉን ቀለም መቀየር ክልክል ነው። ሙዚቃ መምረጥና ቅደም ተከተል መወሰን ግን ይፈቀዳል።

ሁለቱን ፊልሞች ወደ ጅሬን ወጥተው ለማያውቁ ሰዎች፣ ለየብቻ፣ ያሳዩ። በጅማ እየኖሩ ቤተ መንግሥቱን ያላዩ ሰዎች ስላሉ ተመልካች ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ቤተ መንግሥቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ማንስ ሊመሰገን ወይም ሊወቀስ ይገባዋል?» ብለው ይጠይቋቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ አይተዉት፤ በፊልሙ ውስጥ ስለ ማንም አንድ ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ተወቃሽ ሲሰይም የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ሳይጠቀምበት የጣላቸውን ቀረጻዎች ዝርዝር ተነሥቶ ያንብብ። አንደኛው ቡድን የጣለው በአብዛኛው የሌላው ቡድን ፊልም ሆኖ ይገኛል። አቀናባሪዎቹ ለምን እንደጣሉ ሲጠየቁ «አይሄድም ነበር»፣ «ፊልሙን ያበላሽ ነበር» ይላሉ፤ ማንም «እውነቱን ልደብቅ ብዬ ነው» አይልም፣ እንደዚያ አስቦ የሠራም ላይኖር ይችላል። በዚህ ላይ ረጋ ብለው ያወያዩ፤ ተመልካቾች ፖለቲካዊ ፊልምን ሁልጊዜ በተንኮለኛ ሰው የተሠራ አድርገው ስለሚያስቡ፣ በቅን ልቦና የተሠራው ሲመጣ ጥያቄ ሳያነሡ ይቀበሉታልና።

ደረጃ 6፦ በስልክ የመጣ ምስል

ይህ ክፍል ቴክኒካዊ ነውና አጭር ነው። ምስሉ ቪዲዮ ከሆነ አንድ ጥርት ያለ ቅጽበት ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሡና በጎግል ሌንስ ይፈልጉት፤ ከሚመጡት ውጤቶች መካከል በቀን የሚቀድመውን ይምረጡ። ቀጥለው በምስሉ ውስጥ ያለውን ያንብቡ፦ የሱቅ ማስታወቂያ በምን ቋንቋ ተጽፏል፣ የመኪናው ሰሌዳ የየት ነው፣ መሬቱ የክረምት ነው ወይስ የበጋ፣ ጥላው በየት በኩል ይወድቃል። በቦታው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ ደውሎ መጠየቅ ከሁሉም ይፈጥናል። ፍለጋው ምንም ባያመጣ ምስሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎችን በተበላሹ ጣቶችና ፊደላት መለየት ይቻል የነበረበት ጊዜም እያለፈ ስለሆነ በዚህ ዘዴ ብቻ አይተማመኑ።

ከሁሉም የሚበዛው ማታለያ የተቀየረ ፎቶ ሳይሆን እውነተኛ የቆየ ፎቶ ከአዲስ መግለጫ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በፔትሮግራድ በአደባባይ የተሠራ ትርኢት ፎቶግራፍ፣ የ1917ቱ የክረምት ቤተ መንግሥት ወረራ እውነተኛ ምስል ተደርጎ በመጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲታተም ኖሯል።

ሐሰተኛ ምስልን ለማስተማር ሲያሳዩ መካከሉ ላይ «ሐሰት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያትሙበት። አለበለዚያ አንዱ በስልኩ አንሥቶት ማታ በርጫ ላይ ያለ ማብራሪያ ያዞረዋል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም ተሳታፊዎቹ ይወቁ።

ደረጃ 7፦ የራስ ወገን ምስል፣ ከዚያም መልሶ መጠየቅ

እስከዚህ ድረስ የታዩት ምሳሌዎች በዘመን ወይም በቦታ ራቅ ያሉ፣ ወይም እንደ ጅሬኑ በራስ እጅ የተሠሩ መሆናቸው በዓላማ ነው። ጅማ ልዩ ልዩ ሃይማኖትና ብሔር ያላቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናትና፣ ከዛሬ ፖለቲካ የጀመረ ውይይት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለ ምስል መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰዎቹ ይሆናል። አሁን ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ ራሱ የሚያምንበትን፣ ለሌላ ሰው ያጋራውን አንድ ምስል ይዞ ይምጣ። የሌላውን ወገን ምስል መተቸት በዚህ ደረጃ አይፈቀድም። ባለቤቱ ብቻ የምስሉን ስፌት ያሳያል፦ ከምን ጋር እንደተጋጠመ፣ ከክፈፉ ውጪ ምን እንደቀረ፣ መግለጫውን ማን እንደጻፈው፣ የትኛው ሐሳብ ያለ ምስሉም በማስረጃ እንደሚቆም። ምስሉ ተፈትሾ ትክክል ሆኖ ከተገኘም ይኸው በግልጽ ይነገር፤ ሁሉን የሚጠራጠር ተመልካች ማፍራት የዚህ ሥራ ዓላማ አይደለም፣ ምንም የማያምን ሰው በቀላሉ የሚታለል ነውና።

ስብሰባው ከተበተነ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተሳታፊዎቹን መልሰው ይጥሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ወታደሮች ስለ ብሪታንያ የአየር ጦርነት የተሠራ ፊልም አሳይተው ሲመረምሩ፣ ፊልሙ የወታደሮቹን ዕውቀት በደንብ ቢጨምርም የመዋጋት ፍላጎታቸውን እምብዛም እንዳልለወጠ፣ በአንዳንድ ጉዳዮች ላይ ግን የአስተያየት ለውጡ ከአምስተኛው ቀን ይልቅ በዘጠነኛው ሳምንት በርትቶ እንደተገኘ ተመለከቱ። ለዚህ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ሰው መልእክቱን ይዞ ከየት ወይም ከማን እንደሰማው መርሳቱ ነው።

በመልሶ ስብሰባው ላይ ምንም ምስል አያሳዩ። ባዶ ወረቀት አድለው በሦስት ዓምድ እንዲሞሉ ያድርጉ፤ በመጀመሪያው ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥት፣ ስለ ሕርማታው ገበያና ስለ ባጃጆቹ የሚያስታውሱትን፣ በሁለተኛው ያንን ያወቁት ከየትኛው ፊልም ወይም ሰው እንደሆነ፣ በሦስተኛው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ይጻፉ። ወረቀቶቹን ከመጀመሪያው ቀን ወረቀቶች ጋር አያይዘው ለባለቤቶቻቸው ይመልሱ፤ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሦስተኛው «እርግጠኛ ነኝ» የሚል ያለባቸውን መስመሮች እያንዳንዱ በራሱ እስክሪብቶ ያስምርባቸው።